ቢስክሌት ለሚጀምር ሰው ምን ምን ያስፈልገዋል?

ባለፈው ወር በትምህርት ቤታችን አዲስ የተቀጠረ አንድ ወጣት መምህር ወደ እኔ መጣና፣ «ቢስክሌት ልገዛ ነው፤ ከቢስክሌቱ ሌላ ምን ምን መግዛት አለብኝ?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ቀላል ነው፤ በሁለት ደቂቃ ሊመለስ ይችላል። እኔ ግን ሻይ ቤት አስቀምጬ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራሁት። ይኸንኑ ጥያቄ ከሦስት ዓመት በፊት እኔ ማንንም ሳላማክር ለራሴ መልሼው ነበርና፤ የስሕተቴንም ዋጋ የከፈለው እኔ ሳልሆን ሌላ ሰው ነው። «ብልህ ከሰው፣ ሞኝ ከራሱ ይማራል» ይባላል። እኔ የተማርኩት በሌላ ሰው እጅ መሰበር ስለ ሆነ፣ ከሞኙም አንሼ ተገኝቻለሁ ማለት ነው። ቢስክሌት ለመግዛት የሚያስቡ ተማሪዎችና እንደ እኔ ደመወዛቸው ወሩን የማያደርስላቸው የመንግሥት ሠራተኞች ብዙ መሆናቸውን ስለማውቅ፣ ያንን የሻይ ቤት ጨዋታ እነሆ ጽፌዋለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በመምህርነት የተመደብኩት ሐዋሳ ነው። ከተማውን ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሐዋሳ በሐይቅ ዳር የተዘረጋ ሜዳ ነው፤ ወደ ታቦር ተራራ ካልወጡ በቀር ሰውን የሚያስለከልክ ዳገት እምብዛም የለበትም። ስለዚህ ቢስክሌት የሚወደድበት ከተማ ነው። ተማሪው ደብተሩን ከኋላ አስሮ፣ ሠራተኛው ምሳውን በመሪው ላይ አንጠልጥሎ ሲሔድ ይታያል። እኔ አዲስ አበባ ዳገትና ቁልቁለት ሲያንገላታኝ ያደግሁ ሰው ነኝና፣ ይኸን ባየሁ ጊዜ ልቤ ቀና።

የተከራየሁት ክፍል ከትምህርት ቤቱ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። በእግር ከሃምሳ ደቂቃ የማያንስ መንገድ ነው፤ በቢስክሌት ግን ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም። ጧትና ማታ ለባጃጅ የምከፍለው ሒሳብ በወሩ መጨረሻ ሲደመር ያስደነግጠኝ ስለ ነበር፣ የመምህራን ዕቁብ በደረሰኝ ሳምንት አንድ ያገለገለ ቢስክሌት ገዛሁ።

የሸጠልኝ ሰው ሐቀኛ ነበር። «የፍሬኑ ጎማ አልቋል፤ መብራትም የለውም፤ ሁለቱን አሠርተህ ንዳው» አለኝ። እኔም «ይደረሳል» አልኩት። ከዕቁቡ ገንዘብ ትንሽ ተርፎኝ ነበርና በቀጥታ ወደ ገበያ ሔጄ አንድ ጥቁር መነጽር፣ ጣቶቹ የተቆረጡ አንድ ጥንድ ጓንትና፣ የማላውቀው የውጭ አገር ቡድን ስም የተጻፈበት ባለ ብዙ ቀለም የስፖርት ሹራብ ገዛሁ። ማታ በመስተዋት ፊት ቆሜ ራሴን ስመለከት፣ የዓለምን ውድድር አሸንፌ የተመለስኩ ያህል ተሰማኝ። ስለ ፍሬኑና ስለ መብራቱ ግን ያን ማታ ትዝም አላለኝ።

የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘሁት በማግሥቱ ሰኞ ጧት ነው። ተማሪዎቹ ለሰንደቅ ዓላማ ተሰልፈዋል። እኔ መነጽሬንና ጓንቴን አድርጌ በበሩ ስገባ፣ የቀኝ እግሬ ሱሪ በሰንሰለቱና በጥርሱ መካከል ገባ። እግሬን ልስብ ብል እንቢ አለኝ፤ ልወርድ ብልም አልቻልኩም፤ እንደ ተቆረጠ ዛፍ ቀስ ብዬ ወደ ጎን ወደቅሁ። የተማሪዎቹን ሣቅ ልጽፈው አልችልም። አረጋዊው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መጥተው ፔዳሉን ወደ ኋላ አዙረው እግሬን አስለቀቁኝና፣ ከኪሳቸው አንድ የጫማ ክር አውጥተው ሱሪዬን ከቁርጭምጭሚቴ ላይ አሰሩልኝ። ከዚያም ከእግር እስከ ራሴ ተመልክተው፣ «ልጄ፣ ለቢስክሌት የሚለበሰው ከጉልበት በታች ነው፤ አንተ ሁሉንም ከጉልበት በላይ ለብሰኸዋል» አሉኝ።

ነገሩ በዚሁ ቢያበቃ መልካም ነበር። አንድ ሱሪና ጥቂት ክብር ብቻ ነው የጠፋብኝ።

ከማስተምራቸው የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች አንዱ ዝምተኛና ታታሪ ልጅ ነበር። እናቱ በገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጣሉ። እሱም ከትምህርት በኋላ በአንድ ልብስ ሰፊ ቤት እየሠራ፣ በሰፋው ልብስ ቁጥር የሚከፈለውን ለቤት ያስገባል። ያን የተቀደደ ሱሪዬን የጠገነልኝና የቀሩትንም ሱሪዎቼን ከታች ያጠበበልኝ እሱ ነው። በ2015 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ አንድ ቀን የማርክ መዝገቤን ቤት ረስቼው ኖሮ፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ውጤት እያስተካከልን አመሸንና መዝገቡ ተፈለገ። ልጁ በዚያ ሲያልፍ አየሁትና የክፍሌን ቁልፍ ሰጥቼ፣ «በቢስክሌቴ ሔደህ መዝገቡን አምጣልኝ፤ ቶሎ በል» አልኩት። ሰዓቱ አሥራ ሁለት ተኩል ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

በአገራችን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጨለማ ቶሎ እንደሚመጣ ማንም ያውቃል። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆንን ማታው እንደ አውሮፓ እየቆየ አይመሽም፤ ዓይን ተገልጦ እስኪከደን ይጨልማል። ልጁ መዝገቡን ይዞ ሲመለስ መሽቷል። በአንድ መገናኛ መንገድ ላይ ከፊት ለፊቱ የመጣ ባጃጅ ወደ ግራ ታጠፈ። ነጂው ልጁን አላየውም፤ የሚታይ ነገር አልነበረማ። ልጁ ባጃጁን አየው፤ ፍሬኑንም በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘ፤ ቢስክሌቱ ግን አልቆመም። ወድቆ የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ። ነጂው ራሱ አንሥቶ ወደ ሐኪም ቤት ወሰደው። እኔ ስደርስ «እግዜር ያያል፣ አላየሁትም» እያለ ያለቅስ ነበር። እኔም እውነቱን መሆኑን ከማንም ይበልጥ አውቀዋለሁ።

እጁ ስድስት ሳምንት በጄሶ ታሰረ። ፈተናውን ከጓደኞቹ ጋር ሊፈተን አልቻለም፤ ቆይቶ ለብቻው ነው የተፈተነው። ስድስት ሳምንት ሙሉም የልብስ ስፌቱ ገቢ ከዚያ ቤት ቀረ። የጎደለውን ልተካ ወደ እናቱ ሔድኩ። እንደሚቆጡኝ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጡም። ወንበር ሰጡኝ፤ ቡናም አቀረቡልኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መምህር፣ ሲልኩት እንደ መሸ አላዩም ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የፀሐይ መነጽር ገዝቼ ስለ ጨለማ ግን ምንም ያላሰብኩ ሰው ምን ብዬ ልመልስ?

እንግዲህ ወደ ጥያቄው ልመለስና፣ ገንዘቡ ትንሽ የሆነ ሰው ዕቃውን በምን ተራ መግዛት እንደሚገባው ልናገር። የኔ ተራ ይኸ ነው፤ አስቀድሞ የሚያቆምህን፣ ቀጥሎ የሚያሳይህን፣ ከዚያ ራስህን የሚጠብቀውን፣ በመጨረሻ የሚያስጌጥህን።

ፍሬን የሁሉ መጀመሪያ ነው። ያገለገለ ቢስክሌት የገዛ ሰው ከሻጩ ቤት በቀጥታ ወደ ጠጋኝ ይሒድ። የፍሬኑ ጎማ ላዩ ላይ መስመር የመሰለ ቦይ አለው፤ ቦዩ ከጠፋ ጎማው አልቋል። የፍሬኑ እጀታ ሲጨበጥ ከመሪው ጋር እስኪነካካ ድረስ የሚገባ ከሆነም ሽቦው ላልቷል ማለት ነው። ቢስክሌት ሲቆም ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ስለሚያደላ፣ ይበልጥ የሚያቆመው የፊተኛው ፍሬን ነው። ዳሩ ግን እሱን ብቻ በድንገት የያዘ ሰው በመሪው ላይ ተገልብጦ ሊወድቅ ይችላል፤ ሁለቱንም አንድ ላይ፣ ሰውነትን ወደ ኋላ አድርጎ መያዝ ነው። በክረምት የጎማው ቸርኬ ሲረጥብ ፍሬኑ ቶሎ አይዝም፤ ስለዚህ ዝናብ ሲዘንብ ከወትሮው አስቀድሞ መያዝ ይገባል።

ሁለተኛው መብራት ነው፤ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ። የፊተኛው መንገዱን ለኛ ያሳያል፤ የኋለኛው እኛን ለሰው ያሳያል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መብራት ዛሬ በየሱቁ አለ። እኔ በኋላ የገዛኋቸው ሁለቱ መብራቶች አንድ ላይ ሆነው ዋጋቸው ከዚያ ጥቁር መነጽር ያነሰ ነበር፤ ይኸን ሳስብ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። በመብራቱ ላይ የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱት ዓይነት አንጸባራቂ ሰደርያ ቢጨመርበት ይበልጥ ደኅና ነው። እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የሰደርያው ደማቅ ቢጫ ቀለም የሚጠቅመው በቀን ብቻ ነው፤ የሚያበራው የፀሐይን ብርሃን ተቀብሎ ነውና። በሌሊት የሚያገለግለው በላዩ የተሰፋው ብርማ ጥብጣብ ነው፤ እሱ የመኪናውን ብርሃን ወደ መጣበት፣ ማለት ወደ ነጂው ዓይን ይመልሰዋል። ስለዚህ ጥብጣብ የሌለው ቢጫ ሸሚዝ በማታ ከግራጫ ሸሚዝ አይሻልም። ጥብጣቡን በቁርጭምጭሚት ላይ ያሰረ ሰው ደግሞ እግሩ ሲወጣና ሲወርድ ስለሚያብለጨልጭ፣ ነጂው ከሩቅ «ይኸ ሰው ነው» ብሎ ያውቀዋል። ዘበኛው ያሰሩልኝ የጫማ ክር በአንጸባራቂ ጥብጣብ ቢተካ፣ ሱሪንም ነፍስንም ባንድ ጊዜ ይጠብቃል።

ሦስተኛው የራስ ቁር፣ በዛሬ ቋንቋ ሄልሜት የምንለው ነው። ወጣቶች ሲያደርጉት ያፍራሉ፤ ይሣቅብናል ይላሉ። ጥንት ትልልቆቹ ተወዳዳሪዎችም አይወዱት ነበር። በ1995 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ግን አንድሬ ኪቪሌቭ የተባለ የካዛክስታን ተወላጅ በፈረንሳይ አገር በፓሪስ-ኒስ ውድድር ላይ ወድቆ ራሱን ተመታና ሞተ፤ ሄልሜት አላደረገም ነበር። የዓለም የቢስክሌት ማኅበርም በዚያው ዓመት ሄልሜትን ለባለሙያ ተወዳዳሪዎች ግዴታ አደረገ። በሥራው የሚኖርበት ሰው ካደረገው፣ ትናንት መንዳት የጀመርን እኛ ምን ያሳፍረናል? ሄልሜቱ የሚሠራው በውስጡ ያለው አረፋ መሰል ነገር ተጨፍልቆ የግጭቱን ኀይል ስለሚቀበል ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ በኀይል የተመታ ሄልሜት ደኅና ቢመስልም ሥራውን ጨርሷል፤ አዲስ መግዛት ነው። ያገለገለ ሄልሜት መግዛትም ለዚሁ አይበጅም፤ ምን እንዳጋጠመው አይታወቅምና። ሲደረግ ከቅንድብ በላይ የሁለት ጣት ስፋት ያህል ብቻ መተው አለበት፤ ወደ ኋላ ሸርተት ያለ ሄልሜት ግንባርን አያድንም። ያገጩም ማሰሪያ አንድ ጣት ብቻ የሚያስገባ ይሁን። ተማሪዬ ያን ማታ ራሱን ቢመታ ኖሮ፣ ይኸን ጽሑፍ ለመጻፍ ድፍረት ባልነበረኝም።

አሁን ወደ ልብስ እንምጣ። ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት ለሚመላለስ ሰው የተለየ ልብስ አያስፈልገውም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትካፈል ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ቢስክሌተኞች ነበሯት፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። እንደነሱ ያሉ ሰዎች በአንድ ቀን ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚጋልቡ፣ ከሰውነት ጋር የተጣበቀና ከመቀመጫው ላይ ስፖንጅ ያለው ሱሪ ግድ ይላቸዋል። ለሃያ ደቂቃ መንገድ ግን የኮርቻውን ከፍታ ማስተካከል ከሱሪው ይበልጣል። ኮርቻው ላይ ተቀምጠህ ተረከዝህን ታች በወረደው ፔዳል ላይ ስታሳርፍ እግርህ ቀጥ የሚል ከሆነ ከፍታው ልክ ነው። ኮርቻውን ዝቅ አድርጎ የሚነዳ ሰው ጉልበቱን ያሳምማል።

ሱሪ ከታች ጠበብ ያለ ይሁን፤ ሰፊ ከሆነ የሰንሰለቱ ወገን የሆነው የቀኝ እግር ይታሰር፤ ምንም ከሌለ በካልሲ ውስጥ መክተት ይበቃል። ጫማ ሶሉ ጠንከር ያለና የማያንሸራትት መሆን አለበት፤ የጫማው ክርም ወደ ውስጥ ይከተት፤ የተፈታ ክር በፔዳሉ ላይ ተጠምጥሞ የጣለውን ሰው አይቻለሁ። ነጠላ፣ ጋቢና ረጅም ሻርፕ ነፋስ ሲያነሣቸው ከኋላ ጎማ ውስጥ ይገባሉ፤ ስለዚህ ወይ አጣጥፎ መያዝ፣ ወይ በወገብ ላይ አጥብቆ ማሰር ነው። ቀሚስ የምትለብስ እኅታችንም ቢስክሌት መንዳት አይቀርባትም፤ መሐል ብረቱ ዝቅ ያለ ቢስክሌትና የሰንሰለት ሽፋን ያለውን ትምረጥ፤ ጠጋኙም በኋላው ጎማ ግራና ቀኝ መረብ ቢያደርግላት ቀሚሷ አይያዝም።

የሐዋሳ ቀትር ሞቃት ነው። የጥጥ ሸሚዝ ላብን ይዞ ይቆያልና ርጥብ ሆኖ ከሰውነት ላይ ይጣበቃል። እኔ አሁን የምነዳው በአንድ ቀላል ካናቴራ ነው፤ የሥራ ሸሚዜን አጣጥፌ ቦርሳ ውስጥ እይዛለሁ፤ ትምህርት ቤት ስደርስ ፊቴን ታጥቤ እለብሰዋለሁ። ቦርሳውንም በጀርባዬ አላደርገውም፤ ጀርባን ያልባልና፤ ከኋላ ባለው የዕቃ መጫኛ ላይ በላስቲክ አስረዋለሁ። የላስቲኩ ጫፍ ተንጠልጥሎ ወደ ጎማው እንዳይገባ ግን መጠንቀቅ ነው። ለክረምት አጭር የዝናብ ልብስና በሁለቱም ጎማ ላይ ፓራፋንጎ ያስፈልጋል። ፓራፋንጎ የሌለው ሰው ከሰማይ የሚመጣውን ውሃ ቢያመልጥ እንኳ ከመሬት የሚመጣውን ጭቃ አያመልጥም፤ በጀርባው ላይ ረጅም ቡናማ መስመር ይዞ ቢሮ ይገባል።

የቀረው ትንሽ ነው። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ ስኮትላንዳዊ የእንስሳት ሐኪም፣ የልጁ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት በድንጋይ ላይ ሲንገጫገጭ አይቶ፣ አየር የተነፋበት ጎማ ሠራለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ መንገዱ ለሰለሰልን፤ እሾህና ሚስማር ግን ጠላት ሆኑን። ስለዚህ ትንሽ መንፊያ፣ ማስቲሽ ከነልጣፊው፣ አንድ መፍቻና ተጨማሪ የውስጥ ጎማ በቦርሳ መያዝ ጥሩ ነው። ጎማው ምን ያህል አየር እንደሚፈልግ በራሱ ጎን ላይ ተጽፏል፤ ያነሰ አየር ያለው ጎማ ይከብዳል፤ ቶሎም ይቀደዳል። እግረኛን የምናስጠነቅቅበት ደወል፣ ሌባን የምንከላከልበት ጠንካራ ሰንሰለትም አይዘንጋ፤ ሲታሰርም ጎማውን ብቻ ሳይሆን አካሉንም ከማይነቀል ብረት ጋር ማሰር ነው፤ ያለዚያ ጧት ጎማውን ብቻ ታስሮ ታገኙታላችሁ።

መነጽርና ጓንት ከንቱ ናቸው ማለቴ አይደለም። መነጽር ከአቧራና ከነፍሳት ዓይንን ይጠብቃል፤ ጓንትም ሲወድቁ መዳፍን ያድናል። ስሕተቴ እነሱን መግዛቴ ሳይሆን ከሁሉ አስቀድሜ መግዛቴ ነው።

ያ ልጅ እጁ ድኖ፣ ትምህርቱን ጨርሶ፣ የልብስ ስፌቱንም አላቆመም። አሁን በምነዳበት ጊዜ የምለብሰው ሰደርያ ላይ ያለውን ብርማ ጥብጣብ የሰፋልኝ እሱ ነው። የእጅ ዋጋውን ስሰጠው፣ «ከቲቸር አልቀበልም» ብሎ ነበር፤ በግድ አስያዝኩት። ብርድ ሲሆን አንጓውን እንደሚያመው ግን ሳይነግረኝ አያለሁ፤ መቀሱን አስቀምጦ በግራ እጁ ያሻሸዋል።

ዛሬ ሰው ቢስክሌቴን ሲለምነኝ አልከለክልም። አስቀድሜ ፍሬኑን ጨብጬ እፈትናለሁ፤ መብራቱን አበራለሁ፤ ሄልሜቱን በራሱ ላይ አድርጌ ማሰሪያውን እቆልፋለሁ። ከዚያም ቀና ብዬ ሰማዩን አያለሁ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ቢስክሌት ስትገዛ፣ ይልቁንም ለሌላ ሰው ስታውስ፣ መሽቶ እንደ ሆነ ተመልከት።